ልቡ የተለወጠ ላንድሮቨር

በናይሮቢ ከተማ የሚኖር ሰው ለቤተ ሰቡ ጠንካራ መኪና ሲፈልግ፣ ዐይኑ ከአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ከአንድ አሮጌ ቶዮታ ላንድክሩዘር ላይ ማረፉ አይቀርም። መኪናው ቀለሙ ታድሶ፣ ጎማው ተለውጦ ከመንገድ ዳር ቆሞ ይታያል፤ ሻጩም «ሞተሩ አዲስ ነው» ይላል። አዲስ ማለቱ ግን ከፋብሪካ አሁን የወጣ ማለቱ አይደለም፤ የቀድሞው ሞተር ወጥቶ በስፍራው የሌላ መኪና ሞተር ገብቶበታል ማለቱ ነው። በዚህ ሳምንት የምንጽፈው ይህን የመሰለ መኪና ለመግዛት ላሰቡ አንባብያን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሞተር መለወጥ በናይሮቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምክንያትም አለው። ላንድሮቨር በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ከታየ ወዲህ በአፍሪካ አገሮች ብዙ አገልግሏል፤ በኬንያም ቲካ በምትባለው ከተማ ይገጣጠም ነበር። ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ሦስተኛው ዐይነት፣ በብዛት የሚይዘው የቤንዚን ሞተር 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ጉልበቱ ሰባ ፈረስ ያህል ነው። ይህም በባሕር ዳርቻ ሲለካ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናትና አየሩ ይሳሳል፤ እንዲህ ያለውም ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከመቶ እጅ አንዱን ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ሳይጠቀምበት ይቀራል ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስማ ከዚህም ይብሳል። በዚህ ላይ የቤንዚኑ ወጪ ሲጨመር ሰው ሁሉ የናፍጣ ሞተር ቢመኝ አያስደንቅም።

ሥራው የሚሠራው በኢንዱስትሪው ሰፈርና ቀድሞ ግሮጋን መንገድ ይባል በነበረው በኪሪንያጋ መንገድ አካባቢ ባሉት ጋራዦች ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ፤ በስዋሂሊ ቋንቋ ትርጓሜው «ብርቱ ፀሐይ» ሲሆን፣ ጣራ በሌለው ሜዳ ፀሐይ እየመታቸው ስለሚሠሩ የወጣላቸው ስም ነው። ከእነርሱ መካከል በትምህርት ቤት ያልተገኘ ዕውቀት ያላቸው እጅግ ብልሆች አሉ። በሁለት ቀን ጨርሰው ገንዘባቸውን ተቀብለው የሚሄዱም አሉ። የገዢው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ እርሱ የሚገዛው ሞተሩን ብቻ አይደለምና፤ ሞተሩን ከመኪናው ጋር ያጋጠመውን፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ሰው ሥራ ነው።

አማርኛ የሚማሩ አንባብያን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡትን ቃላት በመዝገበ ቃላት ባያገኟቸው አይደነቁ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሊስትራ፣ ኮፈን፣ ካንዴላ የሚባሉት ከኢጣልያኖች ጋራዥ የወረስናቸው ናቸው፤ በአስመራም ሆነ በአዲስ አበባ መካኒኩ የሚጠራቸው በዚሁ ስም ነው። የመኪናው የባለቤትነት ደብተርም ሊብሬ ይባላል።

አንድ የአገራችን ሰው ከባለቤታቸው ጋር ሆነው እንዲህ ያለውን ላንድሮቨር ለማየት ሄደው ነበር። ለልጆቻቸው ትምህርት ካስቀመጡት ገንዘብ ከፍሎ ለመውሰድ ያሰቡት ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ሲያሰማ፣ ወይዘሮዋ ግን ሊብሬውን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የቤንዚን ሞተር ነው፤ በኮፈኑ ሥር ያለው ደግሞ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ሻጩም «እርሱ በኋላ ይስተካከላል» አለ። ባልና ሚስቱ አመስግነው ተመለሱ። ባልየው ለጥቂት ቀን ማዘናቸውን ሰምተናል፤ እኛ ግን የወይዘሮዋን ፍርድ እናመሰግናለን።

ምክንያቱም ይህ ነው። በኬንያ ሊብሬ ላይ የሻንሲው ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥር፣ የሞተሩ መጠንና የነዳጁ ዐይነት ተመዝግበው ይገኛሉ። ሞተር ሲለወጥ ይህ መዝገብ እንዲታረም ማስታወቅ የባለ መኪናው ግዴታ ሲሆን፣ መዝገቡንም የሚጠብቀው በ2012 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የብሔራዊ ትራንስፖርትና ደኅንነት ባለሥልጣን ነው። ያልታረመ እንደ ሆነ ሞተሩ ከተሰረቀ መኪና የወጣ ቢሆን እንኳ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ፖሊስ ቁጥሩን ሲመረምር ግን ተጠያቂው መኪናውን ይዞ የተገኘው ነው። አደጋ ቢደርስም የመድን ድርጅቱ ያልተነገረውን ለውጥ ምክንያት አድርጎ ካሣ አልከፍልም ለማለት ይችላል። ስለዚህ እርማቱ መፈጸም ያለበት በሻጩ ስም፣ ገንዘቡም ሳይከፈል ነው። ሞተሩ የተገዛበት ደረሰኝ፣ ከውጭ የመጣም ከሆነ የጉምሩኩ ወረቀት ይጠየቅ። የሻንሲው ቁጥርም በምስማር ከተመታው ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ከራሱ ከብረቱ ላይ ተጠርጎ ይነበብ።

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ከመኪናው ሥር መግባት ነው። የላንድሮቨር አካል የአሉሚኒየም ቅይጥ በመሆኑ አይዝግም፤ ይህም ብዙ ገዢ ያታልላል፤ ሻንሲው ብረት ነውና ላዩ እያማረ ሥሩ ይበላል። አዲሱን ሞተር ለማስገባት ሻንሲው የተቆረጠበትና የተበየደበት ቦታ ካለ፣ ብየዳው ቀጥ ያለና ያልተሰነጠቀ መሆኑ ይታይ። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሁለቱን የሚያጋጥም ዝርግ ብረት ይኖራል፤ እርሱ መካከሉን ስቶ ከተቦረቦረ ፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ቀስ በቀስ ይፈጃቸዋል። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥና ሲለቀቅ ድምፁ ይለወጥ እንደ ሆነ ማዳመጥ ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ፍሬኑ ነው። ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በማይ ማሂዩ በኩል የሚሄድ ሰው ከሊሙሩ ደጋ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ በገደል ዳር ይወርዳል። ከቁልቁለቱ ግርጌ የጦር ምርኮኞች የነበሩ ኢጣልያኖች በ1942 የሠሯት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ መንገደኞች ቆመው ይጸልዩባታል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ናፍጣ ሞተር ከቀድሞው ባለ አራት ሲሊንደር እጅግ ይከብዳል፤ መኪናውንም አስቀድሞ ከሚችለው በላይ ያስሮጠዋል። የአሮጌው ላንድሮቨር ፍሬን ግን በአራቱም እግር ባለ ከበሮ ሆኖ ለቀድሞው ፍጥነት የተበጀ ነው፤ በረዥም ቁልቁለት ሲግል መያዙን ይተዋል። ሞተሩን ለውጦ ፍሬኑን እንዳለ የተወ ሰው ግማሽ ሥራ ሠርቷል ለማለት አይቻልም፤ ከኋላ ልጆች ተቀምጠው እንደ ሆነ አደገኛ ሥራ ሠርቷል። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ሻጭ ቢኖር አብሮ ወደ ማይ ማሂዩ እንዲወርድ ይጋበዝ። የፊት ባሊስትራውም በአዲሱ ክብደት ተጨንቆ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ደረጃ ባለ ሜዳ ላይ ቆሞ ይታይ።

ራዲያተሩን ለመፈተን ከከተማው ወደ ሊሙሩ ያለውን ዐቀበት ማስወጣትና ደርሶ ሞተሩ ሳይጠፋ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ፣ አንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች በ24 ቮልት ሲሠሩ የመኪናው መብራት በ12 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱ እንዴት እንደ ተስማሙ ይጠየቅ።

የትኛው ሞተር ይሻላል ለሚለን፣ የምንመርጠው ከዚያው ከፋብሪካው ወገን የመጣውን ነው። ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው ባለ 40 ቁጥሩ ላንድክሩዘር፣ 4,164 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነውን 1ኤችዜድ የሚባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ቢይዝ፣ ቱሪስት የሚያመላልሱት የኬንያ መኪናዎች በዚሁ ሞተር ስለሚሠሩ መለዋወጫው ሩቅ አይደለም። ላንድሮቨርም በ1989 የወጣውን 200ቲዲአይ የሚባለውን የራሱን ሞተር ቢይዝ መልካም ነው፤ ይህ ሞተር አየር የሚጨምቅ ቱርቦ ስላለው ደጋው ብዙ አያደክመውም። መኪናውን ለውድድር ትርኢት የሚፈልግ ግን የተለወጠውን ከናካቴው ይተወው፤ በናይሮቢም ከ1970 ጀምሮ የመኪናዎች ውበት ትርኢት ይደረጋል።

ኬንያ ከተሠራ ስምንት ዓመት ያለፈው አሮጌ መኪና ከውጭ እንዲገባ አትፈቅድም፤ እንግዲህ እነዚህ መኪናዎች ያሉት አስቀድሞ በአገሩ የነበሩት ብቻ ናቸውና ሻጩ ይህን እያወቀ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ገዢው ደግሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት ለመሄድ አስቦ እንደ ሆነ፣ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2024 መከልከሏን አይርሳ። መንገዱ እስከ ሞያሌ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጉምሩክ አለ። ዋጋውን ሲከራከር መኪናው በናይሮቢ እንደሚሸጥ አድርጎ ያስላ።