የኋላው ዴስክ



በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር ከተማረኩት ቁረይሾች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት አጥተው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችሉ ነበሩ። እነርሱም አሥር አሥር የመዲና ልጆች ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። ምርኮኛው መምህር ሆነ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ታስሮ የወጣን ልጅ ተማሪ ነው ብሎ መቀበል እንኳ ይከብዳል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 53 ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ አጥፊ በአዋቂ ቅጣት እንዳይቀጣ፣ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋር እንዳይታሰር ያዛል። በአዲስ አበባ ልደታ በነበረው የታዳጊ አጥፊዎች ማረሚያ ልጆች ግቢው ውስጥ ሲማሩ ኖረዋል። ጭንቁ የሚመጣው ሲወጡ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚህ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሲያጸዳ ያደገ አንድ ልጅ ከማረሚያ ወጥቶ እኔ ክፍል ገባ። በማግስቱ ሁለት አባቶች «ልጆቻችን ከእሱ ጋር አይቀመጡ» ብለው መጡ። አንደኛው ሱብሒ ከጎኔ የሚሰለፍ ሰው ነው። እኔም (አላህ ይማረኝ) ጭቅጭቅ ፈርቼ ልጁን ለብቻው ከኋላ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ቀን መጣ፤ በአሥረኛው ቀረ።

ጁሙዓ ዕለት መስጊድ በር ላይ አገኘሁትና ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እዚያ እንኳ ለሦስት ነበር የምንቀመጠው» አለኝ።