ኳንተም ቅኔ አይደለም

ስለ ኳንተም ኮምፒዩተር ላስረዳችሁ የሚል ሰው ሁሉ ተአምር ማውራት ለምዷል። “ዜሮም አንድም ነው፤ መልሶቹን ሁሉ ባንዴ ይሞክራል” ይለናል። አድማጭ አፉን ከፍቶ ይሰማል፣ ያጨበጭባል፣ ባዶውን ወደ ቤቱ ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ “የኛ ሰምና ወርቅ እኮ ነው!” ብሎ ደረቱን ይነፋል።

ኧረ ተዉ ጎበዝ! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ይቺን እንኳ ልከራከርባት። የቅኔው ወርቅ ቢገኝ ሰሙ አይጠፋም፤ ሁለቱም ስንኙ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ኪዩቢት የሚባለው የኳንተም ኮምፒዩተር የመረጃ አሃድ ግን ሲለኩት ወይ ዜሮ ወይ አንድ ይሰጣል። ሌላው ድራሹ ይጠፋል።

“እንደሚሽከረከር ሳንቲም ነው” የሚሉም አሉ። እስቲ ሳንቲም ሁለቴ ወርውሩ፤ ዘውድ ይሁን ጎፈር አታውቁም። ዜሮ ላይ ያለ ኪዩቢት ግን ሐዳማርድ የሚባለውን ትእዛዝ አንዴ ሰጥተው ቢለኩት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሳይለኩ ሁለቴ ቢሰጡት ያለ ጥርጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለምን? ስሌቱ ውስጥ ፕላስና ማይነስ አለ። ወደ አንድ የሚወስዱት መንገዶች ይጠፋፋሉ፤ ወደ ዜሮ የሚወስዱት ይደመራሉ። የኳንተም ፕሮግራም መጻፍ ማለት ይኸው ነው፦ ስሕተቱ እንዲጠፋፋ፣ እውነቱ እንዲጎላ አድርጎ ትእዛዝ መደርደር።

ሎቭ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረበው ዘዴ ካልተደረደሩ 1,000,000 ነገሮች አንዱን ለማግኘት ወደ 800 ገደማ ጥያቄ ያስፈልገዋል። ከተራው ኮምፒዩተር ጋር ሲተያይ ትልቅ ነገር ነው። ግን ማሽኑ “ሁሉን ባንዴ” የሚሞክር ቢሆን ኖሮ አንድ ጥያቄ አይበቃውም ነበር?

“መብራት በሚጠፋበት አገር ምን ኳንተም አመጣችሁ?” የሚለውም ተቺ ያው ነው፤ ነገሩን ከደመና በላይ ይሰቅለዋል። መጀመሪያው እኮ ማትሪክስ ማባዛትና ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው። የሁለት ኪዩቢት ስሌት አራት ቁጥር ብቻ ስለሆነ በእርሳስና በወረቀት፣ በኩራዝም ብርሃን ይሠራል። ከዚያ ትንሽ ፓይተን ይጨመርበታል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2016 ባለ 5 ኪዩቢት ማሽን በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍቷል። ኪስኪት የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያው በነፃ ይገኛል፤ ጥቂት ኪዩቢቶችንማ ተራ ላፕቶፕም ያስመስላቸዋል።

አደጋው ሌላ ነው። ተአምር ነው የተባለ ልጅ ቆሞ ተመልካች ይሆናል፤ ወይም በሦስት ቀን “ኳንተም ባለሙያ” እናደርግሃለን ለሚሉት ነጋዴዎች ኪሱን ያራግፋል። እባካችሁ አስተማሪዎች፣ ምሳሌውን ቀነስ፣ ስሌቱን ጨመር አድርጉ። ልጆቹ ይችሉታል።