ዝሆኔ የዘር ፍርድ አይደለም

«ዝሆኔ የዘር በሽታ ነው፤ ለታማሚ ጫማና ሳሙና ማደል ገንዘብ ማባከን ነው» የሚል ጽሑፍ ታትሞ አነበብኩ። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ስንት ገበሬ እግሩ አብጦ እንደሚያርስ ለሚያውቅ ይህ በዝምታ አይታለፍም።

መነሻው ቀዩ አፈር ነው። ደቃቅ ቅንጣቶቹ በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ። በወላይታ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ዘር ተጋላጭነትን እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ከልጅነቱ ጫማ የለመደ እግር ግን ከአፈሩ ይጠበቃል።

ማባከን ነው? በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት መልሱን ሰጥቷል፦ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ የተሰነጠቀውን ቆዳ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ታማሚውን በትኩሳት አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም ቀንሶለታል።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። «የዘር ነው» በተባለ ቁጥር ግን የታማሚው ልጅ ትዳር ይከለከላል። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ያርሙ።