ሴት የስኳር ታካሚዎች የማይጠየቁት ጥያቄ

ለልደታ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

የስኳር ሕመም የሴቶችን የወሲብ ጤና በብዙ መንገድ ይጎዳል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ቀጫጭን የደም ሥሮችንና ነርቮችን ያበላሻል። እግርን የሚያደነዝዘው ይኸው ጉዳት ብልት አካባቢ ሲደርስ ስሜት ይቀዘቅዛል፣ እርጥበት ይቀንሳል፣ ግንኙነትም ሕመም ይሆናል። የሴቷ እግርና ዓይን በክትትል ወቅት ሲታይ ይህኛው ሳይነሳ ይታለፋል። በዓለም ደረጃም የወንዶች ስንፈተ ወሲብ ብዙ ሲጠና የሴቶቹ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ስኳር በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ካንዲዳ ለተባለው ፈንገስ ይመቸዋል፤ ማሳከክ፣ ማቃጠልና ነጭ ፈሳሽ ይመላለሳሉ። እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ፣ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ ክኒኖችም ይህን ኢንፌክሽን ያበዛሉ። ክኒኑ ሲታዘዝላት ይህ ያልተነገራት ሴት ማሳከኩን የአባላዘር በሽታ አድርጋ ልትወስደው፣ ባሏንም ልትጠረጥር ትችላለች። ትዳር የሚያናጋ ጥርጣሬ ሐኪሙ አስቀድሞ በሚነግራት ሁለት ቃል ይቀር ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ድብርት ነው። በአሜሪካና በካናዳ ለረጅም ዓመታት ክትትል ሲደረግላቸው በቆዩ፣ ዓይነት 1 ስኳር ባለባቸው ሴቶች ላይ የተሠራና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የወሲብ ችግር ግንኙነት ከሚፈጽሙት በ35 በመቶዎቹ ላይ አግኝቷል፤ ከችግሩ ጋር ጎልቶ የተያያዘውም ድብርት ነበር። የደም ስኳር ቁጥር አይቶ ብቻ መሸኘት የማይበቃው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ የድብርትና የደም ግፊት መድኃኒቶች ራሳቸው ፍላጎትን ይቀንሳሉ፤ ማረጥም ድርቀቱን ያብሳል።

ልደታ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ነው። ይህ ጉዳይ ግን በአብዛኛው ስፔሻሊስት የሚያስጠብቅ አይደለም። ፈንገሱ በክሎትሪማዞል ይታከማል፤ ለድርቀት በውኃ የተሠራ ማለስለሻ፣ ካረጡ በኋላም በሐኪም የሚታዘዝ የኤስትሮጅን ክሬም አለ። ድብርት ሕክምና አለው፤ ፍላጎት የቀነሰ መድኃኒትም በሐኪም ምክር ሊቀየር ይችላል። ስኳሩን መቆጣጠር ደግሞ ኢንፌክሽኑንም የነርቭ ጉዳቱንም ይገታል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ያልተጠየቀች ሴት ግን ደበቀች አትባልም። ነውር ነው ብላ አፏን የያዘችን ታካሚ ቀድሞ መጠየቅ የባለሙያው ድርሻ ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ በሥሩ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የስኳር ክትትል የሚያደርጉ ነርሶችና ሐኪሞች ሴቶችን በር ዘግተው፣ ባል ወይም አስታማሚ በሌለበት፣ ስለ ወሲብ ጤናቸውና ስለ ድብርት እንዲጠይቁ፣ አዲስ ክኒን ሲያዝዙም ሊያመጣ የሚችለውን ኢንፌክሽን እንዲነግሩ መመሪያ እንዲያወርድ በአክብሮት ይጠየቃል።