ሚኒስትሪ ወደ 6ኛ ክፍል ተመልሷል፤ ወላጅ ምን ይወቅ?

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች «ሚኒስትሪ» ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ነገር አያስብም። በደርግ ዘመን የተማሩ አባቶች በ6ኛም በ8ኛም ክፍል መፈተናቸውን ያስታውሳሉ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የተማሩት ግን የ8ኛውን ብቻ ያውቃሉ። አሁን የመጀመሪያ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛው 7ኛና 8ኛ ሆኖ በመደራጀቱ የ6ኛው ፈተና ተመልሶ መጥቷል። ስሙ ከሚኒስቴሩ ጋር ተጣብቆ ቀረ እንጂ ፈተናው ክልላዊ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከወቅቱ ነው። የዓመቱ ማጠቃለያ የሚውለው በሰኔ ነው፤ ሰኔ ደግሞ ለደጋው ገበሬ የእርሻና የዘር ወር ነው። ልጁ ከከብት ጥበቃና ከጉልጓሎ ተርፎ መጽሐፍ የሚገልጠው በኩራዝ ከሆነ፣ ውጤቱ የሚለካው ችሎታውን ብቻ አይደለም። ለፈተና ሰሞን ከሥራ የሚያሳርፍ ወላጅ ከማንኛውም ማጠናከሪያ ትምህርት የማይተናነስ እገዛ ያደርጋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ካርዱ ሲመጣ አብዛኛው ወላጅ «አለፈ ወይስ ወደቀ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይልቅ በየትምህርቱ ያለውን ነጥብ መምህሩ እንዲያነብለት ቢጠይቅ ብዙ ይረዳል። በተለይ እንግሊዝኛና ሒሳብ ዝቅ ብለው ሳለ አማካዩ ልጁን ቢያሳልፈው፣ ጉዳቱ በኋላ ይታያል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ክፍተት በአንድ ዓመት የተፈጠረ አይደለም።

ዝቅተኛ ውጤት ሁልጊዜ የስንፍና ምልክት ተደርጎ መወሰዱም ትክክል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በክልሉ በግጭቱ ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ልጁ ያልተማረውን ምዕራፍ ተፈትኖ ሊሆን ይችላል፤ ዱላ ያንን ምዕራፍ አያስተምረውም። የትኛው ምዕራፍ እንደተዘለለ መምህሩን መጠየቅና በክረምቱ ማካካሻ እንዲሰጥ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ማሳሰብ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከምዝገባው በፊት መደረግ አለበት። የተማሪው ስም ከነአባትና አያቱ በትክክል መጻፉን ወላጅ፣ ማንበብ ባይችል እንኳ ጎረቤት አስነብቦ፣ ያረጋግጥ። በካርድ ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል ልጁ ለ9ኛ ክፍል ምዝገባ ወደ ከተማ ሲወርድ ታስቸግረዋለች።