የሰው ወርቅ አያደምቅ

ውድ እኅቶቻችን፣ በጅዳና በመካ በየሰው ቤት በሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ በዚህ ጽሑፋችን ስለ ገንዘብ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ኅሊና ጥቂት ልንወያይ እንወዳለን። ሦስቱ አብረው የሚሄዱ ባይመስሉም በአገራችን አንድ ሌሊት ተገናኝተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2024)፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ብልሽት ደረሰ። ያ ሳምንት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ የገቡበት ነበር። በዚያ ሌሊት ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ከኤቲኤም ማውጣትና በስልካቸው ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ቻሉ። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ ተዛመተ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእኩለ ሌሊት በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አቤ ሳኖ በኋላ እንደገለጹት ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ይደርሳል።

ለመሆኑ ኮምፒውተር እንዴት እንዲህ ይሳሳታል? ፕሮግራም ማለት ለኮምፒውተር በቅደም ተከተል የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ገንዘብ የሚከፍል ፕሮግራም በቀላሉ ሲነገር በመጀመሪያ በሒሳቡ ውስጥ ስንት እንዳለ ያያል፤ ቀጥሎ የተጠየቀው ካለው እንዳይበልጥ ያመዛዝናል፤ ከዚያ በኋላ ከፍሎ ይቀንሳል። ማመዛዘኑ ከተጓደለ ኮምፒውተር ሰው አይደለምና «ይህ ልጅ ይህን ሁሉ ብር ከየት አመጣው?» ብሎ አይጠራጠርም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ጊዜ የተፈጠረ እንጂ የውጭ ጥቃት እንዳልሆነ ገልጿል። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር አልዘነጋም፤ ማን፣ መቼና ስንት እንደወሰደ መዝግቧል። ስለሆነም ባንኩ ወሳጆቹን ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም። ፈቅደው የመለሱ እንደማይከሰሱ ተነገራቸው፤ በዐሥር ቀን ገደማ ውስጥ ከገንዘቡ ከሦስት አራተኛው በላይ ተመለሰ። ያልመለሱትን ደግሞ ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ አሳየ።

በዚያን ጊዜ «የመንግሥት ባንክ ነው፣ ሀብታም ነው፣ ምን ይጎዳል?» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። «ራሱ ነው የሰጠኝ፤ መቼ ሰበርኩና?» ያሉም አልታጡም። እኛ በዚህ አንስማማም። በባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ የባንኩ አለቆች ሳይሆን የአስቀማጮች ነው። ከአስቀማጮቹም መካከል ከጅዳና ከመካ በየወሩ ለእናትና ለአባት የምንልክ እኛው አለንበት። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይገባውን ክፍያ የተቀበለ ሰው እንዲመልስ ያዛል። በር ተከፍቶ ቢገኝ ዕቃው የባለቤቱ መሆኑ አይቀርም።

ደግሞ እንቁጠረው። በዚያን ጊዜ በባንክ ምንዛሪ አንድ ሪያል ወደ 15 ብር ይመጣ ነበር። በወር 1,000 ሪያል ለምታገኝ እኅት 100,000 ብር ማለት ከስድስት ወር በላይ ልብስ ማጠብ፣ ወለል መወልወልና ልጅ ማሳደግ ነው። በአንድ ሌሊት ቁልፍ በመንካት እንዲህ ያለ ገንዘብ ያየ ወጣት ልቡ ቢሸፍት አይደንቅም። ነገር ግን 30,000 ብር አውጥቶ ስልክ የገዛ፣ ጓደኛ የጋበዘ ተማሪ «መልስ» ሲባል ከየት ያመጣል? ቤተሰቡ የሚደውለው ለማን ነው? ዓረብ አገር ላለችው እኅቱ አይደለም ወይ? የእርሱ የአንድ ሌሊት ደስታ የእርሷ የሁለት ወር ድካም ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ለወንድሞቻችን ብር ስንልክ ምክርም አብረን እንላክ።

ይህን ስንል ግን ፍርዱ ሁሉ በልጆቹ ላይ ይውደቅ ማለታችን አይደለም። የሚሊዮኖችን ገንዘብ የሚጠብቅ ሥርዓት ለአንድ ሌሊት ያለ ጠባቂ ሲቀር የሚጠየቅ ኃላፊም ሊኖር ይገባል። የድሃ ተማሪ ፎቶግራፍ ለአደባባይ ሲወጣ የሥርዓቱ ኃላፊዎች ምን እንዳጎደሉ በዚያው ልክ ቢነገር ኖሮ ትምህርቱ ሙሉ በሆነ ነበር። አደራ ከሁለቱም ወገን ነው።

አደራ ካልን ዘንድ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ዓረቦቹ «አማና» ይሉታል፤ እኛ «አደራ» እንላለን። በልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከኪስ የወደቀ 50 ሪያል ሲገኝ፣ ማዳም ወርቋን መታጠቢያ ቤት ረስታ ስትወጣ፣ የኛም ሌሊት ያን ጊዜ ነው። አብዛኞቻችን እንደምንመልስ እናውቃለን፤ ይህም ክብራችን ነው።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ከፊሉ የስድስት ወር ደመወዜን ይዞብኛል። ከቤቱ ብወስድ የወሰድኩት የራሴን አይደለም ወይ?» የምትል እኅት አለች። ንዴቷ እውነት ነው፤ የሠራተኛን ላብ መያዝም ስርቆት ነው፤ ይህን ሳንፈራ እንናገራለን። ነገር ግን አትውሰጂ እንላታለን። ምክንያቱም ወርቁን እስከነካችበት ደቂቃ ድረስ ባለ ገንዘብ እርሷ ናት፤ ባለ ዕዳው እርሱ ነው። ከነካች በኋላ ግን እርሷ ተከሳሽ፣ እርሱ ከሳሽ ይሆናል። ስለ ስድስቱ ወር የሚጠይቅ አይኖርም፤ የስርቆት ክስ በሳዑዲ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም ለናንተ አይነገርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባንኩን ገንዘቡን ያስመለሰለት መዝገቡ ነው፤ እኛም መዝገብ እንያዝ። የተከፈለንንና ያልተከፈለንን ወር በቀን እንጻፍ። የውላችንንና የኢቃማችንን ፎቶግራፍ አንሥተን ለምናምናት ሰው እንላክ። ያልተቀበልነውን ገንዘብ «ተቀብያለሁ» ብለን አንፈርም። የሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በሙሳነድ በኩል በባንክ ወይም በስልክ ገንዘብ እንዲከፈል ያዘዘው ለአዲስ ውሎች እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሲሆን፣ ደረጃ በደረጃ ሄዶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሁሉንም አሠሪዎች እንዲያጠቃልል ወስኗል። ስለዚህ ደመወዛችን በራሳችን ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ መጠየቅ መብታችን ነው። ኢቃማ ለሌላት እኅት ይህ ደንብ እንደማይደርስላት እናውቃለን። ለእርሷም ቢሆን የተጻፈ መዝገብ ጅዳ ባለው ቆንስላችን ፊት ባዶ እጅ ከመቅረብ ይሻላታል።

ስልክን በሚመለከት ሁለት ነገር አደራ እንላለን። የሚመጣላችሁን የምስጢር ቁጥር ለማንም፣ «ከባንክ ነኝ» ለሚል እንኳ፣ አትስጡ። የማታውቁት ሰው «በስሕተት ብር ልኬብሻለሁ፤ በዚህ ቁጥር መልሺልኝ» ቢል ራሳችሁ አትላኩ። ገንዘቡን አትንኩት፤ ባንኩ ራሱ በመጣበት መንገድ እንዲመልሰው ንገሩት። ብዙ አታላይ የሚገባው በመልካም ሰው ደግነት በኩል ነው።

በመጨረሻም ኮምፒውተርን እንደ ጠላት አንየው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን የፕሮግራም አጻጻፍና መሰል ሙያ በነፃ ለማስተማር ዘመቻ ጀምራ ነበር። ወንድማችን ወይም እኅታችን ብር ላኪልኝ ሲሉን «ምን እየተማርክ ነው? ምን እየተማርሽ ነው?» ብለን እንጠይቅ። የተሰበረ ፕሮግራም ላይ ተሰልፎ ከማደር የማይሰበር ፕሮግራም መጻፍ መማር ይበልጣል። ላባችን ለዚያ ቢውል አይቆጨንም።

የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የራሳችንን ግን ቆጥረን እንቀበል።