ልጆቻችንን ለማጫወት እስከ ዱባይ ድረስ መበደር አለብን እንዴ?



ረመዷን ገና ሳይጋመስ ስልካችን በማስታወቂያ ይሞላል። «ዒድን ከነቤተሰብዎ ዱባይ ያሳልፉ!» «ለሁሉም ኪስ የሚሆን ተመጣጣኝ ዋጋ!» «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከመጡ በኋላ!» ከጽሑፉ ጎን የሚስቁ ልጆች፣ የሚወነጨፍ ሮለር ኮስተር፣ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ አባት ይታያል። ከተራዊሕ በኋላ በመካኒሳ ሻይ ቤቶች የሚወራውም ይኸው ሆኗል። እገሌ ዘንድሮ ልጆቹን ሊወስድ ነው፤ እገሊት እናቷንና ታናናሾቿን አስመዝግባለች፤ አንተስ?

ይህቺ «አንተስ?» የምትባል ጥያቄ ናት ዛሬ ብዕር ያስነሳችን። ስንቱን ወጣት ከአቅሙ በላይ ዕዳ ውስጥ እንደከተተች እያየን ዝም ማለት አልቻልንም።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ልጅን ማጫወት ሐላል ነው። ቤተሰብን ይዞ መጓዝም ሐላል ነው። ነገር ግን በአራጣ ብድር፣ በእህት ላብ እና ለሰው ዓይን ሲባል የሚደረግን ጉዞ «ተመጣጣኝ» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። ይህን ስንል የሚቆጣ ይኖራል። ታግሶ ያንብበን፤ ሒሳቡንም አብሮን ይሥራ።

*መጀመሪያ ለሚያጠብቁት*

«መዝናኛ ብሎ ነገር ለሙስሊም አይገባም፣ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኛ ከነሱ ጋር አይደለንም። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዒድ ቀን ታሪክ ማን ይረሳዋል? በዚያ ቀን በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ የነበሩት ሐበሾች ነበሩ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከኋላቸው አቁመው፣ ራሷ እስክትጠግብ ድረስ ጨዋታውን እንድታይ ታገሷት። የዒድ ጨዋታ በሐዲስ ሲወሳ የሚነሳው የእኛው የሐበሾች ስም ነው! እና የሐበሻን ልጅ በዒድ ቀን አትጫወት የሚለው ሰው ከየት አምጥቶ ነው?

«በዚህ ገንዘብ ዑምራ አትሄድም ነበር?» እያሉ ሰው ማሸማቀቅንም አንቀበልም። ዑምራም ቢሆን በዕዳ ሂድ ተብሎ የታዘዘ የለም። በሐላል ገንዘቡ ልጆቹን ያስደሰተን አባት በዑምራ ስም ማሳፈር ዲን ማስተማር አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ክርክራችን ከጨዋታው ጋር ሳይሆን ከዋጋው፣ ከአከፋፈሉና ከኒያው ጋር ነው።

*ሁለተኛ፣ ሒሳቡ*

«ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ከምን ጋር ነው የሚመጣጠነው? ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል አልጋ ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከቤታችን እንጀምር። አዲስ መደበኛ ፓስፖርት 5,000 ብር ነው። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ፓስፖርት ከሌለው፣ ገና ከመካኒሳ ሳይንቀሳቀስ 25,000 ብር ወጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ የፓርኩ በር። ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ በ2016 የተከፈተው አይኤምጂ ወርልድስም ሆነ አቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ ከ2010 ጀምሮ ያለው ፌራሪ ወርልድ፣ ለአንድ አዋቂ የአንድ ቀን መግቢያቸው ከ300 ድርሃም በላይ ነው። በ300 ብቻ እንያዘው። ልጆቹም በቁመታቸው እንደ አዋቂ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ለአምስት ሰው 1,500 ድርሃም ይሆናል። የድርሃም ዋጋ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። ስለዚህ 1,500 ድርሃም ወደ 409 ዶላር ገደማ ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 61,000 ብር አለፈ። ይህ ለአንድ ቀን፣ ለበሩ ብቻ ነው! ምሳው፣ ውኃው፣ ታክሲው አልተቆጠረም። በአብዛኞቹ ፓርኮች ደግሞ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ግብሩ ሳይቆረጥ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል ቢያጠራቅም፣ የፓርኩን በር ለማለፍ ብቻ ከአምስት ወር በላይ ይፈጅበታል። ይህ ነው ተመጣጣኝ የተባለው?

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። «ግማሹን ከመጡ በኋላ» ብሎ በዶላር የተዋዋለ ሰው፣ ዕዳው ተኝቶ እያደረ የሚያድግበት ጊዜ ላይ ነን።

*ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ?*

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ደመወዙ ካልበቃ ገንዘቡ ከሁለት ቦታ ይመጣል።

አንደኛው ብድር ነው። ከዘመድ የተወሰደ ቀርድ ቢሆን እንኳ አማና ነው። ከአራጣ አበዳሪ ሲሆን ደግሞ ሪባ መሆኑን ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ እስኪሉ ድረስ ራሳቸው ሳይሰግዱበት ለሰሓቦች ትተውት እንደነበር ተዘግቧል። ያ ዕዳ ሁለት ዲናር ነበር። በሮለር ኮስተር ዕዳ ምን እንመልሳለን?

ሁለተኛው ምንጭ ዓረብ አገር ያለችው እህታችን ናት። እውነቱን እንነጋገር። በየሰፈራችን እህት፣ አክስት ወይም እናት ሳዑዲ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት የሌለችው ቤት ስንት ነው? ሳዑዲ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራ እህት ደመወዟ ብዙ ጊዜ 1,000 ሪያል አካባቢ ነው፤ ወደ 267 ዶላር ማለት ነው። ከላይ ያሰላነው የአንድ ቀን የፓርክ መግቢያ የወር ተኩል ላቧን ይበላል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ወለል ስትወለውል የዋለችበትን ገንዘብ ወስደን፣ እሷ በምትሠራበት ባሕረ ሰላጤ ሄደን እንዝናናበት? እሷ ያንን ፓርክ በመስኮት እንኳ ላታየው ትችላለች። «ላኪልን» ብሎ መልእክት ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱ ወንድም ይህን ያስብ። እህት ቸር ስለሆነች እንቢ አትልም። እንቢ አለማለቷ ግን ለእኛ ፈቃድ አይሆነንም።

*አራተኛ፣ ለማን ነው የምንሄደው?*

«ለልጆቹ ነው» ይባላል። እስቲ እንመርምረው። በእነዚህ ፓርኮች አብዛኛው ፈጣን መጫወቻ የሚፈቀደው በቁመት ነው። ከመለኪያው በታች የሆነ ልጅ አይሳፈርም። የፌራሪ ወርልዱ ሮለር ኮስተር በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፍ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ እዚያ ምን ይሠራል? ከእናቱ ጋር አጥር ሥር ቆሞ የአባቱን ጩኸት ይሰማል። አባት ወርዶ ቪዲዮውን ይለቃል፤ ሰፈር «ማሻአላህ» ይላል። ጨዋታው የማን ነበር?

ለልጅ የሚያስብ ሰው ቢያንስ ዕድሜውን ያያል። ዱባይ ያለው ሌጎላንድ ለምሳሌ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ወቅቱንም ያያል። የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በክረምት ነው፤ ርካሽ የተባለው ፓኬጅ የሚበዛውም በዚያው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለምን ረከሰ? ዱባይ በዚያ ወቅት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ነው። ፓኬጁን የሚሸጠው ሰው ይህን ነግሮናል? ሳይነግረን ከቀረ ሽያጩ ውስጥ ማጭበርበር አለበት።

በመጨረሻም ሪያእ። ለሰው ዓይን የተደረገ ኢባዳ እንኳ ዋጋ ካጣ፣ ለሰው ዓይን የተደረገ ሽርሽር ምን ይተርፈዋል? ዕዳው ብቻ።

*«ታዲያ ድሃ ልጁን አያዝናና ነው የምትሉት?»*

በፍጹም! የምንለው በአቅምህ፣ በሐላልህ፣ በዕቅድ አድርገው ነው። አንድ ቤተሰብ በእርግጥ መሄድ ከፈለገ መንገድ አለ፤ መንገዱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዕቁብ ወለድ የለበትም፤ ወላጆቻችን ቤት የሠሩበት፣ ልጅ የዳሩበት ነው። አሥር ቤተሰብ በወር 6,000 ብር ቢጥል፣ ተራው የደረሰው 60,000 ብር ያነሳል። ያም ቢሆን ከላይ እንዳየነው በሩን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ስለዚህ አንድ ዙር አይበቃም፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የታሰበበት ይሁን። ዘምዘምና ሒጅራን በመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ለዚሁ ብቻ የተለየ የቁጠባ ሒሳብ ክፈቱ። ዋጋ ስትጠይቁ «ፓኬጁ ስንት ነው?» አትበሉ፤ «ፓኬጁ ውስጥ የሌለው ምንድን ነው?» በሉ። የልጆቹን ቁመት ለክታችሁ ከፓርኩ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ጥቂት ዓመት መጠበቅ ገንዘብም ይቆጥባል፣ ልጁም ይጫወትበታል። ገንዘቡ ሳይሞላ ቀን አትቁረጡ። ሞልቶ ከሄዳችሁ ደግሞ በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ተመለሱ፤ ማንም አያሳፍራችሁ።

እስከዚያው ልጁ ምን ያድርግ? ቤቱ ይቀመጥ? ለምን ይቀመጣል! ከመካኒሳ ብዙም ሳንርቅ ለቡ አጠገብ የባቡር ጣቢያ አለ። በ2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የጅቡቲ መስመር ባቡር መነሻው እዚያ ነው። ስንቶቻችን ልጆቻችንን ይዘን ተሳፍረንበታል? የጉዞውን ቀን አስቀድሞ አረጋግጦ መሳፈር ነው። አዋሽን አልፎ ድሬዳዋ ያደርሳል። ከድሬዳዋ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ሐረር ነው። እ.ኤ.አ በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበው ጁገል 82 መስጂዶችን በግንቡ ውስጥ ይዟል፤ ከነሱም ሦስቱ የአሥረኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በእጅ ሲበላ ልጁ ያያል። ከዒደል ፊጥር በኋላ የስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያልቅ የሚከበረው ሹዋሊድም እ.ኤ.አ በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ይኸው የዒድ ጉዞ! ፓስፖርት የለው፣ ዶላር የለው፣ ቪዛ የለው።

ሐረርም ከሩቀ ከተማችን ውስጥ አንድነት ፓርክ አለ፤ አንበሳውን ያዩበታል። ወዳጅነት ፓርክ አለ። ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ የውኃ መጫወቻ አለ። ይህም በነፃ አይደለም፤ ግን ከአራጣ ደጃፍ አያደርስም።

*የመጨረሻው ቃል ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለባለሀብቶች*

ወጣቱን ብቻ ወቅሶ መተው ፍትሕ አይደለም። የዒድ ሶላት ተሰግዶ ሲያልቅ፣ አዲስ ልብሱን የለበሰ የመካኒሳ ልጅ የት ይሂድ? ሜዳው በፎቅ ተይዟል፤ መንገዱ የመኪና ነው። ፓኬጅ ሻጩ የገባው እኛ ባዶ በተውነው ቦታ ነው። የአንድ ቤተሰብ የዱባይ ወጪ ለአንድ ሰፈር ልጆች ሙሉ የዒድ ቀን ጨዋታ ያዘጋጃል። የትምህርት ቤት ግቢ ተከራይቶ፣ በአየር የሚነፋ መጫወቻ ተክሎ፣ ገመድ ጉተታና ሩጫ አዘጋጅቶ፣ ለየቲሙም ለሀብታሙም ልጅ እኩል ከረሜላ ማደል ይቻላል። ይህን የሚያዘጋጅ ጀማዓ ልጆቹን ከማስደሰቱም በላይ ስንት አባት ከዕዳ ያድናል።

እናንተ ወጣቶችም መጪው ዒድ ሲደርስ «አንተስ?» ስትባሉ አትፈሩ። «እኔ ዕዳ የለብኝም፤ ልጆቼም ተጫውተዋል» በሉ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ዒዳችንን ደስታ፣ ቤታችንንም ከዕዳ የጸዳ ያድርግልን።

ወላሁ አዕለም።